«ኮልድ ኦፍ» ሲሉኝ ስልክ ስጠብቅ ዋልኩ

«እንደምን ሰነበቱ? እንግሊዝኛ ከልጅነቴ ጀምሮ ተምሬያለሁ። ሪፖርት እጽፋለሁ፤ ረጃጅም ጽሑፍ አነባለሁ፤ ፈተና ላይ ሰዋስው አስቸግሮኝ አያውቅም። አሁን የምሠራው ከየአገሩ ከተሰባሰቡ ሰዎች ጋር ነው። ስብሰባውም ወሬውም በኢንተርኔት ነው። ጉዴ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ባለፈው አንዱ ባልደረባዬ ‹ዘ ሚቲንግ ኢዝ ኮልድ ኦፍ› አለኝ። ‹ኮል› የምትለዋን ስሰማ ‹ይደወልልሻል› ያለኝ መሰለኝ። የጆሮ ማዳመጫዬን ሰክቼ አንድ ሰዓት ሙሉ ስልክ ጠበቅሁ። ለካ ስብሰባው ተሰርዟል ማለቱ ነው! በንዴት አንድ ሺህ ፍሬዛል ቨርብ (ግስ ከትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ ሌላ ትርጉም የሚይዝበት አነጋገር) የያዘ ዝርዝር አወረድኩና በፊደል ተራ መሸምደድ ጀመርኩ። ‹ብሬክ› ጋ ስደርስ ሁሉም ተደበላለቀብኝ። ብሬክ ዳውን፣ ብሬክ ኢን፣ ብሬክ አፕ፣ ብሬክ አውት… ስናገር ደግሞ ‹እንደ መጽሐፍ ነው የምታወሪው› ይሉኛል። ምን ይሻለኛል? ያው ባልደረባዬ ደግሞ መልእክቱን ሁልጊዜ የሚዘጋው ‹ሌት ሚ ኖው ኢፍ ኤኒቲንግ ካምስ አፕ› ብሎ ነው። ምን ብዬ እንደምመልስለት እስካሁን አላውቅም። ስልክ ጠባቂዋ ነኝ።»

ውድ ስልክ ጠባቂዋ፣

ፈቃድሽ ከሆነ «አንቺ» ልበልሽ፤ ታናሽ እህቴን የማዋራ ያህል ስለተሰማኝ ነው። ደብዳቤሽን ሳነብ ስቄያለሁ። የሳቅሁት ግን በራሴ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ቢሮ ስደውል ስልኩን ያነሳችው ሴት «ሃንግ» ብላ ጀመረችና አንድ ነገር ጨመረች። «ሃንግ» ከስልክ መዝጋት ጋር እንደሚያያዝ የሆነ ቦታ አንብቤያለሁ። ዘጋሁ። ትንሽ ቆይቼ መልሼ ደወልኩ። በትሕትና ያንኑ ደገመችልኝ። እኔም በትሕትና ዘጋሁ። በሦስተኛው ድምፅዋ ትንሽ ተቀይሮ ነበር። ለካ ስትለኝ የነበረው «ሃንግ ኦን» ነው፤ «አንዴ መስመር ላይ ቆይ» ማለቷ ነው። መዝጋት የሚሆነው «ሃንግ አፕ» ሲሆን ነው። ትልቋን ቃል ሰምቼ ትንሿን ጣልኳት። አንቺም «ኮል»ን ያዝሽና «ኦፍ»ን ጣልሻት። በሽታችን አንድ ነው።

በሽታው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ስንማር «ኢን»፣ «ኦን»፣ «አፕ» ባዶ ቦታ ሙላ ላይ የሚመጡ ፍርፋሪዎች ነበሩ። ግሱ ነበር ጌታው። ፍሬዛል ቨርብ ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከግሱ ኋላ የምትለጠፈዋን ትንሽ ቃል ለዛሬ «ጭራ» እንበላትና እይው። «ሉክ» ማየት ነው። «ሉክ ፎር» ግን መፈለግ፣ «ሉክ አፍተር» መንከባከብ፣ «ሉክ ኢንቱ» ጉዳዩን ማጣራት ነው። ግሱ አንድ ሆኖ ሳለ ሥራውን የቀየረችው ጭራዋ ናት።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንድ የውጭ አገር ሰው አማርኛ እየተማረ ነው እንበል። «ቁጭ አለ» የሚል ነገር አገኘ። መዝገበ ቃላት ገለጠ። «አለ» ተናገረ ማለት ነው፤ ደህና። «ቁጭ»ስ? ብቻዋን ብትፈልጊያት ጠብ የሚል ነገር የላትም። ታዲያ ሰውየው «ቁጭ!» ብሎ ተናገረ ማለት ነው? ምስኪኑ ይቀጥላል። «ብድግ አለ»፣ «ዘወር አለ»፣ «ቀጥ አለ»፣ «ደስ አለው»። ከዚያ «ዝም አለ» ይመጣል። እዚህ ላይ መጽሐፉን ቢወረውር አልፈርድበትም። ቃል ያልተነፈሰ ሰው እንዴት ተደርጎ ነው «አለ» የሚባለው?

አንቺ ግን አንድም ቀን አስበሽው አታውቂም። ማንም «ቁጭ»ን ለብቻ፣ «አለ»ን ለብቻ አላስተማረሽም። ወንበር እያሳዩ «ቁጭ በይ» አሉሽ፤ ተቀመጥሽ፤ አለቀ። «ቁጭ አለ» ወደ «ቁጭ አደረገው» ሲዞር ሕፃኑን ሌላ ሰው እንዳስቀመጠው ሳይነገርሽ ገባሽ። «እጅ ሰጠ» ሲባልም እጁን ቆርጦ ለማን ሰጠ ብለሽ አልተጨነቅሽም። እንግሊዝኛ ተናጋሪው «ጊቭ አፕ» ሲል እንዲሁ ነው፤ ምን ሰጠ፣ ወደ ላይስ ለምን ሰጠ ብሎ አይጠይቅም። ተወ፣ ተስፋ ቆረጠ ማለት ነው፤ በቃ።

እና የምለው ይህን ነው። ፍሬዛል ቨርብን እንደ ሁለት ቃል ማየት አቁሚ። መሐሉ ክፍተት ያለው አንድ ቃል ነው። «ቁጭ በይ»ን በተማርሽበት መንገድ፣ ሙሉውን፣ ከሚባልበት ቦታ ጋር ያዢው። «ኮልድ ኦፍ» ውስጥ መደወል የለም፤ «ዝም አለ» ውስጥ ንግግር እንደሌለ ሁሉ።

ደግሞ ብቻሽን እንዳይመስልሽ። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ላሳተመው ታላቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በጻፈው መግቢያ፣ የውጭ አገር ሰዎችን እጅግ ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ ይህ ግስን በትንሽ ቃል የመለወጥ ልማድ መሆኑን አንስቷል። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ ጥናት ደግሞ ዕብራይስጥ ተናጋሪ ተማሪዎች ምርጫ ሲሰጣቸው ፍሬዛሉን እየሸሹ ወደ ባለ አንድ ቃሉ ግስ እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። ዕብራይስጥ የአማርኛ ዘመድ ነውና የሥጋ ዘመዶችሽም እንዳንቺው ናቸው።

«እንደ መጽሐፍ ነው የምታወሪው» ያሉሽም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ምሳሌ አልጻፍሽልኝም፤ ልገምት። «አይ ዊል ኢንቬስቲጌት ዘ ማተር» ትያለሽ። «አይ ካኖት ቶለሬት ዚስ ኖይዝ» ትያለሽ። ስህተት አለበት? የለበትም። ግን ጓደኛሽ ደውላ «የት ነሽ?» ስትልሽ «ወደ መኖሪያ ቤቴ እያቀናሁ ነው» ብትያት አስቢው። አማርኛው ንጹሕ ነው። ልጅቷ ግን «ዜና እያነበብሽ ነው እንዴ?» ትልሻለች። «እየሄድኩ ነው» የሚባል ነገር እያለ!

በእንግሊዝኛ ይህ ልዩነት ሥር የሰደደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ለረጅም ጊዜ ፈረንሳይኛ ሆነ፤ የቤተ ክርስቲያኑና የሊቃውንቱ ቋንቋ ላቲን ነበር። ከእነዚህ ከሁለቱ በየዘመኑ የገቡት ቃላት ዛሬም ካባ እንደለበሱ ናቸው፤ ኢንቬስቲጌት፣ ቶለሬት፣ ፖስትፖን። «ሉክ»፣ «ፑት»፣ «ራን» ደግሞ የቤት ልብስ የለበሱት ናቸው፤ ጭራ እየጨመሩ የቤቱን ሥራ ሁሉ ይሠራሉ። ስለዚህ በወሬ መሐል «አይል ሉክ ኢንቱ ኢት» ይሻላል። «ይህን ጫጫታ አልችለውም» ለማለትም «አይ ካንት ፑት አፕ ዊዝ ዚስ ኖይዝ» ይሻላል። ሪፖርትሽ ላይ ግን «ኢንቬስቲጌት»ሽን አትንኪው፤ እዚያ ቦታው ነው። ሁሉም ፍሬዛል የወሬ ብቻ ነው ማለቴም አይደለም። «ካሪ አውት» (ማከናወን) እና «ፖይንት አውት» (መጠቆም) ኮስታራ ጽሑፍ ውስጥም ገብተው ይቀመጣሉ።

ወደ ዝርዝርሽ ልምጣ። ዛሬውኑ አጥፊው። አልጨከንኩም፤ የፊደል ተራ እኮ ለመዝገበ ቃላት እንጂ ለጭንቅላት አልተሠራም። የሚመሳሰሉትን ሁሉ ጎን ለጎን ያሰልፋቸዋል። አምስት መንታዎችን በአንድ ማታ ተዋውቀሽ ጠዋት በየስማቸው ጥሪ እንደማለት ነው። «ብሬክ»ን ለምሳሌ እንውሰድ። አንቺ የምትሠሪው በኢንተርኔት ስብሰባ ነው። ስለዚህ ከዚያ ሁሉ ዘር ማንዘር ውስጥ በዚህ ወር የምትፈልጊው አንዱን ብቻ ነው፤ «ዩር ብሬኪንግ አፕ»። ድምፅሽ እየተቆራረጠ ነው ማለት ነው። «ብሬክ አፕ» የፍቅረኞች መለያየት እንደሆነ ብቻ ሸምድደሽ ብትገቢ ኖሮ፣ ስብሰባ መሐል ስለ ትዳርሽ የተነሳ ይመስልሽ ነበር። መኪና ሲበላሽ የሚባለው «ብሬክ ዳውን» መኪና እስኪበላሽብሽ ይቆይ።

ብዛቱም አያስፈራሽ። ዲ ጋርድነርና ማርክ ዴቪስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ብሪቲሽ ናሽናል ኮርፐስ የሚባለውን 100 ሚሊዮን ቃላት ያህል የያዘ የጽሑፍና የንግግር ክምችት ፈትሸው ነበር። 20 ግሶች ከ8 ጭራዎች ጋር እየተጋቡ እዚያ ውስጥ ካለው የፍሬዛል ቨርብ አጠቃቀም ከግማሽ በላይ እንደሚሸፍኑ አገኙ። ግሶቹ ደግሞ የምታውቂያቸው ናቸው፤ ጎ፣ ካም፣ ቴክ፣ ጌት፣ ፑት፣ ተርን የመሳሰሉት። ጭራዎቹ አውት፣ አፕ፣ ኦን፣ ባክ፣ ዳውን፣ ኢን፣ ኦፍ፣ ኦቨር ናቸው። ጣጣው አንዱ ጥንድ ብዙ ትርጉም መሸከሙ ነው። «ፒክ አፕ» ዕቃ ከመሬት ማንሳት ነው፤ ስልክ ማንሳት ነው፤ ሰውን በመኪና ሄዶ መውሰድ ነው፤ ቋንቋን ሳይማሩ በመስማት መልቀም ነው። አራቱንም በአንድ ቀን አትነካኪያቸው። ዛሬ የገጠመሽን ያዢ፤ ሌላው በራሱ ቀን ይመጣል።

ጭራዎቹ የራሳቸው ጠባይ የላቸውም ወይ ካልሽኝ፣ አላቸው። ሁሉ ቦታ አያገለግልም እንጂ። «አፕ» ብዙ ጊዜ መጨረስን ያመጣል። «ኢት አፕ» ጥርግ አድርጎ መብላት ነው፤ «ድሪንክ አፕ» ጭልጥ አድርጎ መጠጣት፤ «ዩዝ አፕ» ሙጥጥ አድርጎ መጨረስ። አየሽ፣ የእኛ «ጥርግ»፣ «ጭልጥ»፣ «ሙጥጥ» የሚሠሩትን ነው «አፕ» የምትሠራው። «ኦን» ደግሞ መቀጠልን ትወዳለች፤ «ጎ ኦን»፣ «ካሪ ኦን»። ይህ የሰማሽውን ለማስታወስ ይረዳሻል። ያልሰማሽውን ለመገመት ግን አትመኚው። መብራት «ዌንት ኦፍ» ከተባለ ጠፋ ማለት ነው፤ የማንቂያ ደወል «ዌንት ኦፍ» ከተባለ ግን ጮኸ ማለት ነው። ከዚያ የጮኸውን «ተርን ኦፍ» ታደርጊዋለሽ። እኔ አላወጣሁትም!

አሁን በጣም የምወደው ክፍል ጋ ደረስን፤ ድምፁ። የማትሰሚው ስለማታውቂ ብቻ አይደለም፤ ቃላቱ አፍ ውስጥ ስለሚጋጠሙ ነው። ወረቀት ላይ «ፒክ ኢት አፕ» ሦስት ቃል ነው። ሰው አፍ ውስጥ ግን «ፒኪታፕ» ነው። እዚህ ላይ የራሳችን ፊደል እንደሚጠቅም ልብ ብለሻል? ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን አጋብቶ ነው የሚጽፈው፤ አፋቸውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሳድሷ «ክ» ከ«ኢ» ጋር ትገጥምና ሣልሷ «ኪ» ትሆናለች። ሳድሷ «ት» ከ«አ» ጋር ትገጥምና ራብዕ ትሆናለች፤ «ታ»። ፒ፣ ኪ፣ ታፕ። «ተርን ኢት ኦፍ» በዚሁ መንገድ «ተርኒቶፍ» ይሆናል። «ፑት ኢት ኦፍ» ደግሞ «ፑቲቶፍ»። አሜሪካውያኑ «ት»ዋንም ስለሚያለሰልሷት «ፒኪዳፕ» ብትሰሚ አትደንግጪ።

ሞክሪው። አንድ አጭር ቪዲዮ ክፈቺ፤ መጀመሪያ ያለ ጽሑፍ ስሚውና የሰማሽውን በፊደላችን እንደወረደ ጻፊው። ትርጉም እንዳትፈልጊ። «ተርኒቶፍ» ብለሽ ጻፊ፤ አንዳንዴ አስቂኝ ነገር ይወጣል፤ ይውጣ። ከዚያ ከታች የሚሄደውን ጽሑፍ ክፈቺና ከጻፍሽው ጋር አስተያዪው። ድምፃቸው ከፍ የሚለው የት እንደሆነም አዳምጪ። እንደዚህ ባሉት ላይ ብዙ ጊዜ ጭራዋ ላይ ነው፤ ተርኒ-ቶፍ። እኔና አንቺ ጥለን ያለፍናት ቃል ጮክ ተብላ የምትነገረዋ ነበረች ማለት ነው።

አንድ የሰዋስው ነገር ሳልነግርሽ ባልፍ ደግሞ ትወቅሺኛለሽ። «ተርን ኦፍ ዘ ላይት» ይባላል፤ «ተርን ዘ ላይት ኦፍ»ም ይባላል። መብራቱን «ኢት» ካልሽው ግን ቦታው መሐል ብቻ ነው፤ «ተርን ኢት ኦፍ»። «ተርን ኦፍ ኢት» ጆሮ ይቆረቁራል። አንዳንዶቹ በተቃራኒው አይከፈቱም። «ሉክ አፍተር ሂም» እንጂ «ሉክ ሂም አፍተር» የለም። «ራን አውት ኦፍ» እና «ፑት አፕ ዊዝ»ም ተያይዘው ነው የሚሄዱት። የትኛው ይከፈታል፣ የትኛው አይከፈትም የሚል ሠንጠረዥ አትሥሪ። ይልቅ አዲስ ፍሬዛል ስትይዢ ከመጀመሪያው ቀን «ኢት» ወይም «ሂም» አስገብተሽ ያዢው። «ፑት ኦፍ» ብለሽ ሳይሆን «ፑት ኢት ኦፍ» ብለሽ። ከዚያ በኋላ አፍሽ ራሱ ያስታውሰዋል።

በሳምንት ስንት? እኔ ሦስት እላለሁ። አምስት የሚሉ አሉ፤ ሥራ ላለው ሰው ይበዛል። ደብተርሽ ላይ ትርጉም አትጻፊ፤ ሁኔታውን ጻፊ። «ቀጠሮ ለሌላ ቀን እንዲዞርልኝ ስፈልግ» ብለሽ በአማርኛ ጻፊና አጠገቡ «ካን ዊ ፑት ኢት ኦፍ?» በይ። «ስብሰባ ላይ ሰው ሲያቋርጠኝ»፤ «ሆልድ ኦን ኤ ሴከንድ»። «ሥራው ሳያልቅ ሰዓቱ ሲያልቅብኝ»፤ «አይ ራን አውት ኦፍ ታይም»። ሦስቱም በሚቀጥለው ሳምንት ከአፍሽ ሊወጡ የሚችሉ ናቸው። የማትዪው ከሆነ አትጻፊው። እና ሦስቱ የአንድ ግስ ልጆች እንዳይሆኑ፤ የመንታዎቹን ነገር አትርሺ። በሳምንቱ ውስጥ እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ለእውነተኛ ሰው ከተናገርሽው ያንቺ ሆነ። ካልተናገርሽው ለሚቀጥለው ሳምንት ይዙር።

ለመናገር ግን አትቸኩዪ። መረዳት ይቀድማል። መሐል ላይ ፍሬዛሉ ከጠፋሽ «ፖስትፖን» በይና እለፊ፤ ማንም አይሞትም። በጥድፊያ የተወረወረ ጭራ የሚያመጣው ጣጣ ይብሳል። «ተርን ኦን» ለመብራት ሲሆን ማብራት ነው፤ ለሰው ሲሆን ደግሞ ከፍትወት ስሜት ጋር ይያያዛል። ለአለቃሽ ፕሮጀክቱን እንዴት እንዳነቃቃሽው ስታስረጂ እንዳያመልጥሽ።

ያቺን የባከነች አንድ ሰዓት ሊያድንልሽ ይችል የነበረውን ነገርም ልንገርሽ። ያልገባሽን ፍሬዛል ስትሰሚ «ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ያሳፍር ይሆናል። ስለዚህ የመሰለሽን በራስሽ ቀላል ቃል መልሰሽ በይለት። «ኮልድ ኦፍ» ሲልሽ «ሶ፣ ዩል ኮል ሚ?» ብትዪው ኖሮ ወዲያው «ኖ ኖ፣ ኖ ሚቲንግ ቱዴይ» ይልሽ ነበር። አምስት ሰከንድ አይፈጅም። አዋቂ ተናጋሪዎችም እርስ በርሳቸው ያደርጉታል፤ ማንም እንደ ድክመት አያየውም።

አሁን የባልደረባሽ መዝጊያ። «ሌት ሚ ኖው ኢፍ ኤኒቲንግ ካምስ አፕ»። «ካም አፕ» እዚህ ጋ ያልታሰበ ነገር ብቅ ማለት ነው። ሰውየው የሚልሽ «ድንገት የሚፈጠር ነገር ካለ አሳውቂኝ» ነው። ምንም አልጠየቀሽም፤ ስንብት ነው። መልሱ «ዊል ዱ» ነው፤ «እሺ፣ አሳውቅሃለሁ» እንደማለት። ሁለት ቃል፣ አበቃ። ይህችን «ካም አፕ» ግን ጥሩ አድርገሽ ያዢያት፤ አንድ ቀን ስብሰባ መግባት ሲያቅትሽ «ሶሪ፣ ሰምቲንግ ኬም አፕ» ብለሽ ትልኪያለሽ። አንድ ነገር ገጠመኝ ማለት ነው። ምን እንደገጠመሽ ማንም አይጠይቅሽም።